መሞከሪያዋ

(የፒዛ ቤት ማእድ ቤት፣ ረፋዱ ላይ። ጋጋሪው እንደ ዘወትሩ ከቡኮው ላይ ጡጫ የምታህል ሊጥ ቆንጥሮ በመዳፉ ጠፈጠፋት። በረጅሙ የእንጨት አካፋ ወደ ጡብ ምድጃው ሰደዳትና በለሆሳስ መቁጠር ጀመረ። አጠገቡ ሊቁ ስለ ፒዛ የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የባለቤቲቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከመጣ ሦስት ሳምንቱ። «ሊቁ» ያሉት አስተናጋጆቹ ናቸው፤ እሱ ማዕረግ መስሎት ተቀብሎታል።)

ሊቁ፦ ይኸው፣ ዛሬም ልታሳርር ነው።

ጋጋሪው፦ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት...

ሊቁ፦ መቁጠር መቻልህን ማንም አልተጠራጠረም።

ጋጋሪው፦ (የጠቆረች ጠፍጣፋ ሊጥ አውጥቶ እያገላበጠ) በሃያ አረረች።

ሊቁ፦ (ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ እየጻፈ) አሥራ ሁለተኛዋ። በሦስት ሳምንት አሥራ ሁለት ዳቦ አሳርረሃል። ለእህቴም ነግሬያታለሁ።

ጋጋሪው፦ መሞከሪያ እኮ ናት።

ሊቁ፦ አሥራ ሁለት ዓመት ሞክረህ አልሆነልህም? ሰው ነገሩ እንቢ ሲለው ይተወዋል።

ጋጋሪው፦ እትዬ ምን አሉ ታዲያ?

ሊቁ፦ ምሳ ላይ መጥታ የሁለታችንንም ትቀምሳለች። የተሻለው ምድጃውን ይይዛል፤ ሌላው ዕቃ ያጥባል።

(ጋጋሪው ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞር ብሎ አየ። ጠባብ ገንዳ ነው፤ ቧንቧው ያንጠባጥባል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶት ኖሯል።)

ጋጋሪው፦ እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርህ። ይህ ምድጃ ዛሬ...

ሊቁ፦ ስለ ምድጃ ለእኔ? ለመሆኑ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?

ጋጋሪው፦ ጡቡን የተሸከምኩት እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ ታሪኩን ማለቴ ነው፣ ወንድሜ። ከሺህ ዓመት በፊት ጣልያን አገር፣ በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ፣ ለጳጳሱ አሥራ ሁለት ፒዛ እንዲቀርብላቸው ውል ተጽፏል።

ጋጋሪው፦ ቲማቲሙ ብዙ ነበር?

ሊቁ፦ ቲማቲም ያኔ እዚያ አገር አልነበረም። ከውቅያኖስ ማዶ የመጣው ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ነው።

ጋጋሪው፦ ቺዙስ?

ሊቁ፦ ውሉ አይናገርም።

ጋጋሪው፦ እንግዲያ ጳጳሱ የበሉት ባዶ ዳቦ ነው።

ሊቁ፦ ባዶ አይባልም። ጥንታዊ ነው የሚባለው።

ጋጋሪው፦ የኔዋም ባዶ ናት።

ሊቁ፦ ያንተዋ ያረረች ናት።

(ሊቁ ተነሥቶ እጁን እያወናጨፈ ዓለምን ዞረ። ግሪኮች ጠፍጣፋ ዳቦ ላይ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት እንደሚቀቡ፣ ቱርኮች የተፈጨ ሥጋ ስስ አድርገው እንደሚያነጥፉ፣ የፈረንሳይ ደቡብ ሰዎች የበሰለ ሽንኩርት እንደሚከምሩ አስረዳ። የፋርስ ወታደሮች ጋሻቸው ላይ ጋገሩ የሚባለውንም አልዘለለም።)

ጋጋሪው፦ ጠላት ድንገት ቢመጣስ?

ሊቁ፦ ምን?

ጋጋሪው፦ ጋሻው ግሏል። በምን ይያዛል?

ሊቁ፦ ታሪክ እንዲህ ያለ ጥያቄ አያነሣም።

ጋጋሪው፦ ወታደሩ ግን ያነሣል። እሺ፣ ልነግርህ የነበረው፣ የዛሬው እንጨት ደረቅ ነው። መሞከሪያዋ በሃያ...

ሊቁ፦ ሰበብ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እንጨቱ እርጥብ ነው ብለህ ነበር።

ጋጋሪው፦ ያን ቀን በዘጠና ነው የበሰለችው።

ሊቁ፦ ዞር በልልኝ። እሳቱንም እንዳትነካ።

(ሊቁ የመጽሐፉን ሥዕል እያየ ሊጡን ዘረጋ። ቲማቲሙን ቀባ፣ ቺዙን በተነ፣ አራት የበሶብላ ቅጠል በሥዕሉ ልክ ደረደረ። አንዷ ቅጠል ጠመመችበትና አቃናት። ከዚያ ፒዛውን በአካፋው ወደ ምድጃው ገፋ።)

ሊቁ፦ መጽሐፉ ሁለት ደቂቃ ይላል።

ጋጋሪው፦ በማን ምድጃ?

ሊቁ፦ በማንም።

ጋጋሪው፦ ሠላሳ... ሸተተኝ።

ሊቁ፦ መዓዛ ይባላል።

ጋጋሪው፦ አርባ።

ሊቁ፦ ቁጥርህን ለራስህ ያዝ።

(ከምድጃው አፍ ጭስ ወጣ። ሊቁ ከመጽሐፉ ቃል ዝንፍ የሚል ሰው አይደለም፤ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል ልክ በሁለት ደቂቃ ፒዛውን አወጣ። ሥሩና ጠርዙ ከሰል፣ መካከሉ ጥሬ ነው። ቅጠሎቹ የሉም።)

ጋጋሪው፦ (ወረቀቱን አንሥቶ) አሥራ ሦስተኛ ብዬ ልጻፍ?

(የባለቤቲቱ ድምፅ ከበሩ ተሰማ፤ ከቀጠሮው ቀድመው መጥተዋል። ጋጋሪው አልተጣደፈም። ፍሙን ወደ ዳር ገፋ፤ በረድ እንዲል እንጨት ላይ የታሰረ እርጥብ ጨርቅ የምድጃው ወለል ላይ አመላለሰ፤ ሌላ መሞከሪያ ሰደደ። ስልሳ ላይ ሲያወጣት ወርቅ መስላለች። ዘይት፣ ጨውና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ቀባት። እትዬ ገብተው ጥቁሩን አዩ፤ ወንድማቸውን አዩ፤ ከዚያ ቆመው መሞከሪያዋን በሉ። ሁለተኛ ቁራሽ ሲያነሡ ይህ የየት አገር ፒዛ ነው ብለው ጠየቁ። ሊቁ ፒዛ አለመሆኑን፣ ጋጋሪው በየጠዋቱ የሚያሳርረው ቁራጭ ሊጥ እንደሆነና በታሪክ ውስጥ ቦታ እንደሌለው ነገራቸው።)

ጋጋሪው፦ አላት እንጂ። ገጽ አርባ ሁለት።

ሊቁ፦ የምን አርባ ሁለት?

ጋጋሪው፦ የመጽሐፍህ። በፈረንሳይ ምሥራቅ፣ ድንበሩ አካባቢ፣ ገበሬዎቹ ዳቦ ከመክተታቸው በፊት የምድጃውን ሙቀት የሚለኩት ስስ ሊጥ ሰድደው ነው። ኋላ ክሬምና ሽንኩርት ቀቡባትና ስም አወጡላት።

ሊቁ፦ አንተ ደግሞ መቼ አነበብከው?

ጋጋሪው፦ መጽሐፍህ እዚሁ በርጩማው ላይ ያድራል፤ እኔ ደግሞ ምድጃው እስኪግል በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ። ምን ልሥራ?

(እትዬ መጽሐፉን ከወንድማቸው እጅ ወስደው ገለጡት። ገጽ ዘጠኝ ላይ ጥጉ ታጥፏል። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ድረስ በየገጹ ጫፍ የዱቄት አውራ ጣት አሻራ አለ። መጽሐፉን ለጋጋሪው ሰጡት፤ ወንድማቸውን በአገጫቸው ወደ ገንዳው አመለከቱት።)

ሊቁ፦ (ሽርጥ እያሰረ) ዕቃ ማጠብም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው።

ጋጋሪው፦ ይኖረዋል። ውሃውን ግን መጀመሪያ በጣትህ ሞክረው።

(የምሳ ሰዓት ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ አርባ ሳህኖች ወደ ገንዳው መጡ።)