ማህተም ያረፈበት አንበሳ

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች አውሬ ልናይ ስንሄድ መጀመሪያ መኪና ላይ የምንጭነው ስፒከር ነው። ከዛ ምግብ። ከዛ ደግሞ የመጀመሪያው ባትሪ ቢጨርስስ ተብሎ ሁለተኛ ስፒከር። አውሬ ድምፅ ሲሰማ እንደሚሸሽ አምስተኛ ክፍል ተምረናል፣ ፈተና ላይም መጥቶ መልሰናል፤ ግን የፈተና መልስ ከፈተና ክፍል ውጪ አይሠራም። እና መስኮት ከፍተን እየጨፈርን እንሄዳለን፣ እየጨፈርን እንመለሳለን፣ ከዛ «ኧረ እዛ ፓርክ ምንም የለም!» እንላለን። እኔ ሚዳቋ ብሆን ቁጥቋጦ ስር ቁጭ ብዬ እኛን ነበር የማየው። በነፃ።

ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ ፈሪ ነኝ። ለትህትና ብዬ እንዳይመስላችሁ። የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ የጎረቤት አውራ ዶሮ አለ፤ እሱ ቆሞ ካየሁ ሌላ ሰው እስኪመጣ ደረጃው ስር እጠብቃለሁ። ክፍል ውስጥም ያው ነበርኩ። ስም ሲጠራ «አቤት» የምለው ለራሴ ስለነበር፣ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ቀሪ የተባልኩበት ቀን ብዙ ነው። ቁጭ ብሎ ቀሪ! እናንተ ላይ ደርሶ ያውቃል?

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ሆነ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና የምታነበው ልጅ ታመመችና፣ የተፈጥሮ ክበባችን ኃላፊ ቲቸር መስፍን ከፊት ስለቆምኩ ብቻ ማይኩንና ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀመጠው። አነበብኩ። ድምፄ ሄዶ ከአስፋልቱ ማዶ ካለው የፋብሪካ ግድግዳ ጋር ተላትሞ ሲመለስ የሌላ ሰው መሰለኝ፤ የማትፈራ ልጅ ድምፅ። ከዛን ቀን ጀምሮ «ቤቲ ማይክ» ተባልኩ። ሰው ካፌ ውስጥ ቦታ ይለቅልኝ ጀመር። ምስጢሩን ልንገራችሁ? ወረቀት ካለ አልፈራም። ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ስለሆነ ሰው አይታየኝም። ወረቀት ከሌለ ግን ያው የደረጃዋ ቤቲ ነኝ።

ክበባችን ቅዳሜ አዋሽ ፓርክ ሊሄድ ሆነ። ሐሙስ ዕለት ቲቸር ጠራኝና «ሪፖርቱን ጻፊ» አለኝ።

«የምኑን?»

«የጉዞውን ነዋ። ሰኞ ሰልፍ ላይ ታነቢዋለሽ።»

«ቲቸር፣ አልሄድንም እኮ።»

ገና አፏን እንደፈታች ሕፃን አየኝ። «ቅዳሜ ትሄጃለሽ፣ እሁድ ይደክምሻል፣ ሰኞ ጠዋት ማንበብ ነው። መቼ ሊተየብ ነው? ዳይሬክተሩስ መቼ ሊፈርሙ ነው? የሚስተካከል ካለ በኋላ ይስተካከላል።»

መሥሪያ ቤት የምትውሉ ከሆነ ይሄ እንደማይገርማችሁ አውቃለሁ። እናቴ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ ስነግራት ቀና እንኳን አላለችም። «እኛ ጋ የስልጠናው ሪፖርት የሚያልቀው አዳራሽ ሳይገኝ ነው» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ለናሙና የተሰጠኝ የአምና ሪፖርት ስለ ችግኝ ተከላ ነበር። «ተማሪዎች በከፍተኛ ስሜት ችግኞችን ተክለዋል» የሚለውን «ተማሪዎች በከፍተኛ ስሜት እንስሳትን ተመልክተዋል» አደረግኩት። አንደኛው ዓረፍተ ነገር አለቀ። ከዛ ኢንተርኔት ገብቼ ፓርኩ ውስጥ ምን ምን እንዳለ አየሁ። ሳላ አለ፣ ከርከሮ አለ፣ አጋዘን፣ አዞ፣ ሰጎን አለ። አንበሳም አለ ይላል። አንበሳ እያለ ስለ ከርከሮ ማን ይጽፋል? «አንበሳን በቅርብ ርቀት፣ ያለ አንዳች ፍርሃት ተመልክተናል» ብዬ ጻፍኩ። አርብ ከሰዓት ተተየበ፣ ተፈረመበት፣ ማህተም አረፈበት። አንበሳው እኛን ሳያይ ሕጋዊ ሆነ።

ቅዳሜ በጠዋት በአንድ ቅጥቅጥ አርባ ምናምን ልጅ ሆነን ወጣን። አጠገቤ ጓደኛዬ ሰሚራ ናት፤ አባቷ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስለሚነዱ መንገዱን በየሻይ ቤቱ ነው የምታውቀው። ኋላ ወንበር ላይ አቤል የሚባል የክፍላችን ልጅ አለ። ስፒከሩ የሱ ነው። ስለዚህ መኪናውም የሱ ነው።

ፓርኩ በር ላይ ጠመንጃ የያዙ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ፣ ስካውት ነው የሚሏቸው፣ ሊያስጎበኙን ገቡና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። «ልጆች፣ ዘፈኑን ዝጉት፣ እንስሳቱ ይሸሻሉ» አሉ። አቤል ቀነሰው። ፊታቸውን ሲያዞሩ መለሰው።

ሳላዎች አየን። እውነቴን ነው፣ ያምራሉ፤ ፊታቸው ጥቁርና ነጭ የተኳለ፣ ቀንዳቸው እንደ ጦር ቀጥ ያለ። ሁላችንም ዝም ብለን አየናቸው፣ አስር ሰከንድ ያህል። ከዛ ከኋላ አንዱ «ይበላል?» አለ። ይሄ ጥያቄ መቼም አይቀርም። ስካውቱ፣ ስንት ዓመት ሲጠየቁት እንደኖሩ ያስታውቃል፣ ዞር ሳይሉ «አይበላም» አሉ። ጥያቄው ከሳላ ወደ ሚዳቋ፣ ከሚዳቋ ወደ ሰጎን ተሸጋገረ። ጾም ነበር እኮ! ግማሹ መኪና ሽሮ ፍትፍት ነው የቋጠረው። ቲቸር መስፍን በበኩሉ ሙቀቱ አሸንፎት፣ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ አፉን ከፍቶ ተኝቷል።

ከዛ አቤል ጮኸ። «አንበሳ! አንበሳ! በግራ!»

አርባ ምናምን ሰው ወደ ግራ ሄደ። መኪናው ወደ ግራ ሄደ። እኔ ወደ ታች ሄድኩ።

እንዴት ወንበር ስር እንደገባሁ አትጠይቁኝ። ቦርሳ እንኳን በግድ የሚገባበት ቦታ ነው። ጉንጬ ላይ ቆሎ ተለጥፏል፣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ እየጸለይኩ ነው ብዬ ነበር፣ በኋላ ሳስበው ግን የማባዛት ሰንጠረዥ ነበር የምለው። «ቤቲ የታለች? ጥሯት ትየው እንጂ!» ሲል አቤልን ሰማሁት። ሰሚራ ሻርፗን ላዬ ላይ ጣል አደረገችና «ጫማዋን እያሰረች ነው» አለች። ያደረግኩት ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነበር። ፈጣሪ ይስጣት።

ወዲያው የስካውቱ ድምፅ መጣ። «የምን አንበሳ ነው? ከርከሮ ነው እኮ!» ቀስ ብዬ ብቅ አልኩ። አየሁት፤ ጭራውን እንደ ሬዲዮ አንቴና አቁሞ፣ ቂጡን ሰጥቶን እየሮጠ ነበር። ሁሉም ሳቀ። አቤልም ሳቀ። ነገሩ እዛው ያለቀ መሰለኝ።

መች አለቀ! ስካውቱ በሩ ላይ ወረዱ፤ ከሳቸው በኋላ ለከርከሮው የሚቆምለት ሰው ጠፋ። አዳማ ለሻይ ስንቆም አንዷ «ቆይ ግን፣ ከርከሮ እንደዛ ትልቅ ነው እንዴ?» አለች። ሞጆ ላይ ከከርከሮው ኋላ ሌላ ነገር ነበር ተባለ። ደብረ ዘይት ስንደርስ ያ ነገር ሴት አንበሳ ሆነ። ዱከም ላይ ሴቷ አንበሳ ጎፈር አወጣች፤ ባዮሎጂ የሚያስታውስ አልነበረም። አቃቂ ድልድይ ላይ ስንደርስ አንበሳው መኪናችንን አባሮ ነበር። አቤል ስልኩ ላይ የቀረጸውን አቧራና አንድ ቡናማ ነገር፣ የሚያገሳ ድምፅ ጨምሮበት ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው።

ሰሚራን በክርኔ ነካኋት። «ሰሚ፣ አንቺ አይተሻል። ከርከሮ ነው አይደል?»

«ከርከሮ ነው» አለች። ትንሽ አሰበችና «መሰለኝ» አለች።

አልፈርድባቸውም። ሰው ቀኑን ሙሉ በቅጥቅጥ ሲናጥ ውሎ ከርከሮ አየሁ ብሎ ቤቱ አይገባም።

ሰኞ ጠዋት ቲቸርን ግቢ በር ላይ ጠበቅኩት። «ቲቸር፣ አንበሳውን ላውጣው?»

«ከየት?»

«ከሪፖርቱ። አላየንም እኮ።»

«ልጆቹ ሁሉ አይተናል እያሉ ነው።»

«እርስዎስ አይተዋል?»

ጉሮሮውን ጠረገ። ተኝቼ ነበር ማለት አይችልም፤ «መምህሩ ጉዞውን በንቃት መርቷል» የሚል ሪፖርቱ ላይ አለ። እኔው ነኝ የጻፍኩለት። «ማህተም ያረፈበት ነገር አይሰረዝም» አለና ወደ ሰልፉ ሄደ።

ባንዲራ ተሰቀለ፣ ተዘመረ፣ ማይኩ መጣ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ አንብቦ መውረድ። ካነበብኩ ቤቲ ማይክ ሆኜ እቀጥላለሁ። ካላነበብኩ ግን «አንቺ የት ነበርሽ?» መምጣቱ አይቀርም፤ የት እንደነበርኩ ደግሞ የምናውቀው እኔና ሰሚራ ብቻ ነን። ድፍረቴ ገና የሦስት ወር ነው። አንድ ሳቅ ይበቃዋል።

ግን ፈሪ ሰው መዋሸት አይሆንለትም። ጥሩ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ መያዝን ስለሚፈራ ነው። «አንበሳን በቅርብ ርቀት» ብዬ «ያለ አንዳች ፍርሃት» ጋ ስደርስ ጉንጬ ላይ ተለጥፎ የነበረው ቆሎ ትዝ አለኝ። መስመሩ ጠፋኝ። ቀና አልኩ። ስንት ሰው ነው ጌታዬ! እስከዛሬ እዛ ቆመው ነበር እንዴ?

«አንበሳ አላየንም» አልኩ። «ይሄን የጻፍኩት ሳንሄድ ነው። ያየነው ከርከሮ ነው። እኔ ደግሞ አንበሳ ሲባል ወንበር ስር ገብቼ ነበር።»

ወዲያው ከኋላ የአቤል ድምፅ መጣ። «ወንበር ስር ሆና ምን ልታይ ኖሯል ታዲያ!»

ግቢው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ቲቸር መስፍን ማይኩን ከእጄ ወሰደ፣ ሳቁ ጋብ እስኪል ጠበቀ፣ ከዛ «ተማሪ ቤተልሔም በወቅቱ በነበረችበት ቦታ ምክንያት አንበሳውን ለማየት አልታደለችም» አለ። ተጨበጨበ። ለአንበሳው።

በዛው ቀን ሪፖርቱ ተስተካከለ፤ ይስተካከላል ተብሎ የለ? «ከአንዲት ተማሪ በስተቀር ሁሉም አንበሳውን ተመልክተዋል» ይላል አሁን። ዳይሬክተሩ በጣም ወደዱት አሉ። እውነትም «ሁሉም» ሲባል ያጠራጥራል፤ «ከአንዲት በስተቀር» ሲባል ግን ሰው ተጠይቆ፣ ተጣርቶ የተጻፈ ይመስላል። አያችሁልኝ? እስከ ጠዋት ድረስ አንበሳው ማህተም እንጂ ምስክር አልነበረውም።

ስንወጣ ሰሚራ ክንዴን ያዘችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዝም ብለሽ አታነቢም ነበር?»

«ፈራሁ።»

«ፈርተሽ ነው ያን ሁሉ ሰው ፊት ወንበር ስር ገባሁ ያልሽው?» ብላ ቆማ አየችኝ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል፤ የኮንዶሚኒየም ወሬ ደረጃ አይወጣም፣ በመስኮት ነው የሚገባው። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ልትስቅብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ጥምጥም አለችብኝ።

«እንኳን ገባሽ! እንኳን ወንበር ስር ገባሽ የኔ ልጅ! ያ ሁሉ መንጋ መስኮት ላይ ሲንጠለጠል አንቺ ልብ ገዛሽ። ቢዘልስ? መስኮቱ ክፍት ነበር አሉ!»

«እማ፣ ከርከሮ እኮ ነው።»

«ደንግጠሽ ነው፣ ግቢ፣ ውሃ ጠጪ። ነገ ለአቦ ሻማ ይዤ እሄዳለሁ።»

አመሻሹ ላይ ጎረቤቶች እየመጡ «እንኳን አተረፈሽ» ይሉኝ ጀመር። ለመጀመሪያዋ ሴትዮ ስለ ከርከሮው አስረዳኋት፤ ራሴን ዳበሰችኝ። ለሁለተኛዋ ጭራውን ሳይቀር በእጄ አሳየኋት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ «አይ ድንጋጤ!» አለች። ሦስተኛዋ ስትመጣ ደክሞኝ ነበር።

«እንኳን አተረፈሽ ቤቲዬ።»

«አሜን» አልኩ።