የነጋዴ ቦርጭ በጆንያ ሚዛን

ከሐኪም ጋር የተከራከርንበት አሥራ ሁለት ኪሎ ነበር፤ የሰሊጥ ሳይሆን የራሴ ሥጋ።

መቼም በደርግ ጊዜ መተማ ላይ ቦርጭ ዋስትና ነበር። ሰሊጡን ዛሬ አስረክቦ ዋጋውን ከሽያጭ በኋላ የሚቀበል የሽንፋ ገበሬ፣ ነጋዴው ከስቶ ካገኘው ጆንያውን መልሶ አህያው ላይ ይጭናል። ስለዚህ መኸር ባለቀ ቁጥር እኛ ነጋዴዎች ተራ በተራ ጆንያ መመዘኛው ላይ እንወጣለን። ቀሎ የተገኘ ፍየል ያርዳል። ሁልጊዜ የሚያርደው ጎረቤቴና ተፎካካሪዬ ሙሳ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ጥም ያዘኝ። በመተማ ሙቀት የማይጠማው ማን ነው? ሌላው አገር ስኳር ፍለጋ ቀበሌ ደጃፍ ሲሰለፍ፣ እኛ ዘንድ የሱዳንን ድንበር ተሻግሮ ራሱ ይመጣል። ከርከዴ የሚሉትን የሱዳን ቀይ መጠጥ ስኳር አስበዝቼ በጆግ አስቀርቤ እጠጣለሁ፤ በጠጣሁ ቁጥር ይብስብኛል። ለሽንት መመላለሱ ሲያሰለቸኝ ጎንደር ሄድኩ።

ሐኪሙ ሽንቴን አስመርምሮ፣ ከቀኝ ጎድኔ ሥር በጣቱ ጫን ጫን አደረገ።

«ስኳር አለብዎት። ጉበትዎም አብጧል፤ ስብ ሳይቋጥር አልቀረም።»

«እኔ እኮ አረቄ አልቀምስም!»

«ቦርጭም ያደርገዋል፣ አባቴ። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት። ጉበት በስብ ከተሞላ ስኳሩን እንዲይዝ ሲታዘዝ አይሰማም፤ ስኳሩ ደም ውስጥ ይከማቻል። አሥራ ሁለት ኪሎ ይቀንሱ።»

መጋዘን ላለው ሰው ይኼ አይጠፋውም፤ ቤቱ ከሞላ መኪናው ሳይራገፍ ደጅ ያድራል። ቢሆንም ያለ ክርክር አልገዛም።

«ስምንት አይበቃም?»

«ስኳር ዐይንና እግር ይወስዳል፤ ለቀሪው አራት ኪሎ ዐይንዎን ያስይዛሉ?»

ከርከዴውን ያለ ስኳር፣ ማሳውን ያለ መኪና ለመድኩ።

በመኸሩ ሚዛኑ ላይ ስወጣ አሥራ ሁለት ኪሎ ቀልዬ ተገኘሁ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ምን ነካህ?» አለ ሙሳ፣ ደስታውን መደበቅ አቅቶት።

ፍየሉን አረድኩ። ሁለት ደንበኞቼ እዚያው ፊቴ ጆንያቸውን ወደ ሙሳ መጋዘን አዞሩ። ሙሳ ራሱ ከሚዛኑ ሳይወርድ «ከርከዴ አምጡልኝ፣ ሙቀቱ ገደለኝ!» ይላል። ጠጣ። ደገመ። ጆጉን አየሁት።

«ሙሳ፣ ጎንደር ሂድ።»

«ቀናህ አይደል?» ብሎ ሳቀ። ሰንብቶ ግን ሄደ። ያው ሐኪም፣ ያው ጣት፣ ያው ስኳር።

ሒሳቡ እንግዲህ ይኼው ነው፦ ከእኔ አሥራ ሁለት፣ ከሙሳ ዘጠኝ ኪሎ ጠፋ። ሁለቱ ደንበኞች ሌላ ቦርጫም ፍለጋ ገለጉ ድረስ ሄዱ። የሁለታችንም ስኳር ወረደ፤ ዐይናችንም እግራችንም እጃችን ላይ ቀረ። ያልተዘጋው የፍየሉ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው መኸር እኔና ሙሳ ሚዛኑ ሥር ቆመን «የቀለልኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ላርድ!» እየተባባልን ተጣላን።