ሽማግሌ የላከው ዋይፋይ

ሰው የቤቱን በር ቆልፎ ሲተኛ ጠንቃቃ ይባላል፤ ዋይፋዩን ቆልፎ ሲተኛ ግን ስስታም ነው። ይህን ማን እንደፈረደ አላውቅም፤ መቀሌ ውስጥ ግን ይግባኝ የለውም። ኔትወርክ የሚባል ነገር ከነስሙ ጠፍቶ በከረመበት ከተማ፣ ጎረቤት ላይ ኢንተርኔት መዝጋት እሳት ሊጭር የመጣን ሰው ባዶ እጁን እንደ መመለስ ነው።

እኔ ደግሞ የጎጃም ሰው ነኝ፤ ይሉኝታን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት። ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ አስተምራለሁ፤ የምኖረው ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ አደይ ለተብርሃን ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው፤ አደይ እዚህ እማማ እንደ ማለት ነው። ዋይፋዩን ያስገባሁት እኔ ብሆንም ፓስወርዱን ያወጡት አደይ ለተብርሃን ናቸው፤ «ቅዱስ ሚካኤል» ብለው። የሚጠብቀን እሱ አይደለም ወይ አሉ። ይጠብቃል እንጂ! ግን የሱን ስም የማያውቅ ሰው እዚህ ሰፈር ከየት ይገኛል? አጥራችን ጥግ ቆሞ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚስቅ ሰው ካያችሁ የኛ ደንበኛ ነው።

ኮምፒዩተር የሚያስተምር ባልደረባዬ ቤቴ መጥቶ ይህን ሲያይ ሊያማትብ ምንም አልቀረው። ፓስወርዱን ቀይር፣ ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውንም ቀይር፣ ለእንግዳ ለብቻው መስመር ክፈት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ላፕቶፕህ ላይ ለአገሩ ሁሉ የከፈትከውን ፎልደር ዝጋ አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት በኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደግሞስ እኔ ድንጋይ የማጠና ሰው ነኝ፤ ድንጋዬን ማን ይሰርቀኛል?

ፎልደሩን ምን ሊያደርግ ከፈተው አትሉም? የአደይ ለተብርሃን የበኩር ልጅ የሰርግ ቪዲዮ እኔ ጋ ነበር የተቀመጠው። በትልቁ ቴሌቪዥናቸው ማየት ስለፈለጉ፣ ቴሌቪዥኑ በዋይፋይ ከላፕቶፔ እየሳበ እንዲያጫውት አደረግሁላቸው። እንዳይቸገሩ ብዬም ማንም እንዲገባ፣ እንዲያወጣ፣ እንዲያጠፋ ፈቀድኩ። ደግነት ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንግባ። አደይ ለተብርሃን ፍረወይኒ የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ከተዋደድን ቆይተናል። እሷ ሽማግሌ ላክ ትለኛለች፣ እኔ እፈራለሁ። እናቷ እምቢ ካሉ ልጅቷንም ቤቱንም ባንድ ቀን ማጣት አይደል? አከራዩን አማት ለማድረግ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ ሻንጣውን ይሸክፍ። ሽማግሌዎቼም ቢሆኑ ያው ናቸው። አንዱ የወሎ፣ አንዱ የጅማ ሰው፤ ትግርኛቸው ከ«ከመይ ኣለኹም» ሰላምታ አያልፍም። ስለዚህ የሚሉትን እኔው በትግርኛ አጥንቼ ላስጠናቸው ወሰንኩ። ካሜራ ፊት ቆሜ፣ ስለ ራሴ እንደ ሽማግሌ እየተናገርኩ ደጋግሜ ቀረጽኩ። አንዱ ላይ አስነጠሰኝ፤ አንዱ ላይ፣ ይቅር ይበለኝና፣ የልጅቷን ስም ረሳሁ። ይህን ሁሉ የት አስቀመጥኩት? እዚያው ፎልደር ውስጥ።

የሚካኤል ማኅበር የአደይ ለተብርሃን ተራ ደረሰ። ሳሎኑ በማኅበርተኛ ሞላ፣ ስዋ የሚሉት ጠላ ዞረ፣ የልጃቸው ሰርግ በቴሌቪዥን ተከፈተ። እኔ ክፍሌ ሆኜ ፈተና አርማለሁ። የሰርጉ እልልታ አልቆ ጸጥ ሲል የራሴን ድምፅ ከሳሎን ሰማሁ። «ጓልኩም ንወድና» ይላል፤ ልጃችሁን ለልጃችን ማለቱ ነው። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ስደርስ ቴሌቪዥኑ ላይ ቆሜያለሁ፤ ከላይ ኮትና ክራባት፣ ከታች ቁምጣ። ልጃችን ጨዋ ነው፣ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ጥርሱም የራሱ ነው እያልኩ ራሴን አሞግሳለሁ። የንስሐ አባታቸው አቦይ ቀሺ ዋንጫቸውን ወደ አፋቸው እንዳስጠጉ ቀርተዋል። ሪሞቱ የት እንዳለ ማየት ተሳነኝና በሩ ጋ ያለውን ራውተር ከነገመዱ ነቀልኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። ቪዲዮው ቆመ፤ ፊቴ ግን አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ላይ ቀረ።

አደይ ለተብርሃን መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ እግሬን አዩ፤ ዛሬስ ሱሪ ለብሷል ወይ ለማለት መሰለኝ። ቀጥለው «ኣታ ዝወደይ፣ አንተ ልጄ፣ ሙሽራው ራሱ ሽማግሌ ሆኖ የሚመጣው በየትኛው አገር ነው?» አሉ። ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም፤ ልጅቷ ከእጄ ወጣች ብዬ ራውተሩን እንደታቀፍኩ ወጣሁ።

ክፍሌ ገብቼ ባልደረባዬ ያዘዘኝን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ፈጸምኩ። ፓስወርዱን ቀየርኩ፣ የራውተሩንም ቀየርኩ፣ የእንግዳ መስመር ከፈትኩ። በመጨረሻ ፎልደሩን ልዘጋ ስገባ ክው አልኩ። ያስነጠሰኝ የለም፣ ስሟን የረሳሁበትም የለም። ከዚያ ሁሉ ቀረጻ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሰርጉ ቪዲዮ ቀጥሎ እንዲከፈት ስሙ ተቀይሯል። ሌባ ገብቷል! ግን መጥፎውን ወስዶ ደህናውን የሚተው ምን ዓይነት ሌባ ነው?

በማግስቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። አደይ ለተብርሃን ናቸው። ቤቱን ልቀቅ ሊሉኝ ነው ብዬ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። እሳቸው ግን አቦይ ቀሺ ሰውየው ትግርኛው ይሰማል ብለዋል፤ እኛም ተማክረናል፤ ሽማግሌዎችህ እሑድ ይምጡ አሉ። ለመሄድ ዞር ካሉ በኋላ ተመልሰው፣ ሱሪ ግን ይልበሱ ብለው ጨመሩልኝ።

ፍረወይኒ ከኋላቸው ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች። እናቷ ሲሄዱ፣ ላፕቶፔ ውስጥ ማን እንደገባ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። «የተበላሸውን ሁሉ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ምንም ሳታፍር። «አንተን ብጠብቅ እኮ አርጅቼ ነበር!» ስሜን የረሳህበትን ግን ስልኬ ላይ አስቀርቼዋለሁ፣ ለክፉ ቀን ይሆነኛል አለችኝ።

ይኸው ከተጋባን ወዲህ የቤታችን ኔትወርክ ጥብቅ ነው። ዋናውን ፓስወርድ የምታውቀው ሌባዋ ብቻ ናት። እኔ? ለአንተ ከሰጠሁህ ለማንም አትከለክልም ብላ ከእንግዶቹ ጋር መድባኛለች።