የኮምፒውተሩ ሃይማኖት

ዕቃ ሲገዛ የዕቃውን ሃይማኖት የሚመረምር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም የነፍስ አባቴ ናቸው።

የምኖረው ሐዋሳ ነው። አርብ ገበያ ከተማ የምትኖረው እናቴ ዓይኗ ስለደከመ በስልክ መልኬን አትለየውም። "ድምፅሽማ አለ፣ ፊትሽ ነው የጠፋኝ" ትለኛለች። ለበዓል ስሄድ ሰፊ ስክሪን ያለው ርካሽ ኮምፒውተር ልገዛላት ከአባ ጋር ንፋስ መውጫ ሄድን።

ነጋዴው አንዱን አሳየን። "ስክሪኑና ሳጥኑ ለየብቻ ነው።"

"ለየብቻ?" አሉ አባ ፊታቸው ጠቁሮ። "አንዱን ለሁለት መክፈል የኛ እምነት አይደለም። ሌላ አምጣ!"

"እንግዲያውስ ይኸውልዎት አባ፣ ኦል ኢን ዋን። ሁሉም ባንድ አካል፤ ያገለገለ ስለሆነ ዋጋውም ደህና ነው።"

"ያለ መለያየት?"

"ያለ መለያየት።"

"ኪቦርዱስ?"

"እሱ እንኳ ለብቻው ነው፤ ግን ያለ ገመድ፣ ሳይታይ ይገናኛል።"

አባ ጥቂት አሰቡ። "እሱ ምሥጢር ነው፤ አንመራመረውም" ብለው በመስቀላቸው ባረኩት። እኔ ስለ ዋስትናው ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ "ከዚህ ወዲያ ምን ዋስትና ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ?" አሉኝ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እስካሁን አልተበላሸም። ከሐዋሳ በስልክ ስደውል እናቴ "ነጠላዬን" እያለች የእህቴን ልጆች ስታጣድፍ እሰማለሁ፦ "ኧረ ተዋሕዶውን ክፈቱልኝ፣ ልጄ መጣች!"