በበሶ የተሸሸገ ሱረት

ሕግ የወጣው ለሌላ ሰው የሚመስለው ጎረቤት አላችሁ? እኔ ጋሽ ደምሴ አሉኝ። ድሬዳዋ ላለው ወንድማቸው በሶ ልንልክ አሰላ ፖስታ ቤት ሄድን። የእሳቸው መታወቂያ ስለጠፋ በላኪነት የተጻፈው የእኔ ስም ነው። ተራ ስንጠብቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «መሀሉ ላይ ሱረት ሸጉጫለሁ» አይሉኝም!

ግድግዳው ላይ «የትምባሆ ውጤቶችን በፖስታ መላክ በሕግ ያስቀጣል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነበብኩላቸው።

«ሱረት ደግሞ ምን ትምባሆ ነው? እሳት አይነካው!»

ሠራተኛዋ በሶውን ፈትሻ አንዲት ቋጠሮ ፌስታል አወጣች። «ይሄ ምንድን ነው?»

ጋሽ ደምሴ ቀደም ብለው «ቅመም ነው» አሉ። ልጅቷ ፈትታ አሸተተችው፤ ወዲያው አስነጠሳት።

«ይማርሽ ልጄ፣ ለጀማሪ እንዲህ ነው!»

ሠራተኛዋ ዓይኗን እያበሰች ወደ እኔ ዞረች። «ላኪዋ እርስዎ ነዎት? ለዛሬ ይውሰዱት፤ ሁለተኛ ግን እከስዎታለሁ!»

ደጅ ስንወጣ ጋሽ ደምሴ ሱረታቸውን ኪሳቸው ከተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ማንበብ ተምረሽ በዚህ ዕድሜሽ ፈሪ ሆንሽ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ የማነበው ማስታወቂያ ሁሉ ለእኔ ብቻ የተጻፈ ይመስለኛል።