ጥፋት የሌለበት ሰው

(ከሽንፋ ወጣ ብሎ ያለ የሰሊጥ እርሻ። አዛናው የመጋዘኑ ግቢ በር ላይ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። የአጫጆቹ ጋንታ አለቃ ስሜነህ አዲስ የእጅ ባትሪ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እየተቆጣ ይመጣል።)

ስሜነህ፦ እኔን? እኔን ውሸታም? እስኪ አንተ ፍረድ፤ እኔ ዋሽቼ አውቃለሁ?

አዛናው፦ መቼ?

ስሜነህ፦ መቼም!

አዛናው፦ ዛሬን ጨምሮ?

ስሜነህ፦ ፍረድ አልሁህ እንጂ ጠይቅ አልሁህ? ያች ከዩኒቨርሲቲ የመጣች የሥነ ልቦና ዶክተር፣ ማስተዋል፣ ወረቀቴን አየት አደረገችና "ይኸ አይታመንም" ብላ ለብቻው አስቀመጠችው። ያን ሁሉ ጥያቄ ጠይቃኝ አንድ ጥፋት እንኳ አላገኘችብኝም እኮ!

አዛናው፦ ምን ብላ ጠየቀችህ?

ስሜነህ፦ "ተቆጥተህ ታውቃለህ?" አለችኝ። በጭራሽ አልሁ።

አዛናው፦ እንዲህ እየጮህህ ነው የመለስህላት?

ስሜነህ፦ (እየጮኸ) አልጮህሁም! "ሰው አምተህ ታውቃለህ?" አለች። ኧረ እኔ! ሐሜትማ የዚያ የደረበ ሥራ ነው፤ ያ ምላሰኛ፣ ያ ሰነፍ፣ ሲያጭድ ግማሹን ሰሊጥ የሚያረግፍ።

አዛናው፦ እሺ።

ስሜነህ፦ "ያንተ ያልሆነ ነገር ወስደህ ታውቃለህ?" አለች። በጭራሽ!

አዛናው፦ የለበስኸው ሸሚዝ የእኔ ነው።

ስሜነህ፦ ተዋስሁ እንጂ ወሰድሁ?

አዛናው፦ የተዋስኸው በአረም ጊዜ ነው። አሁን አጨዳው አልቋል።

ስሜነህ፦ እኔ ስለ ትልቅ ነገር ሳወራ አንተ ስለ ሸሚዝ! ኢንቨስተሩ ምን አለ? "በዚህች ልጅ ጥናት ጠባዩ ሸጋ ሆኖ የተገኘ መጋዘኑን ይጠብቃል፤ ግቢው ውስጥ ያለችው የጥበቃ ቤትም የእሱ ናት" አላለም? እኔ ለሚስቴ ለመነን ደውዬ "ጥበቃ ሆኛለሁ፣ ቤት አግኝቻለሁ፣ ነይ" ብያታለሁ። ከደባርቅ ተነሥታ አሁን መንገድ ላይ ናት። ባትሪ ገዛሁ! ምን ልበላት? ሚስቴን ድንኳን ውስጥ ከወቅት ሠራተኛው ከሳሉግ ሁሉ ጋር ላስተኛት?

አዛናው፦ ሥራውን ሳታገኝ አገኘሁ አልኻት?

ስሜነህ፦ አዎ።

አዛናው፦ ግን ዋሽተህ አታውቅም።

ስሜነህ፦ ያ ውሸት አይደለም፣ ተስፋ ነው! ጥፋቱ የእናንተ ነው። ቀድሜ ተጠይቄ እንደወጣሁ ጋንታውን ሰብስቤ ምን ብዬ ነበር?

አዛናው፦ እንደ ልማዳችን አንድ ቃል እንሁን አልኸን።

ስሜነህ፦ አዎና! ኢንቨስተር ይምጣ፣ መንግሥት ይምጣ፣ ሳሉግ የሚመልሰው አንድ ቃል ነው። ሁለት ቃል ከሆን ከፋፍለው ይጫወቱብናል።

አዛናው፦ "ተቆጥታችኋል ወይ ስትላችሁ አዎ በሉ፤ ዋሽታችኋል ወይ ስትል አዎ፤ ሰው አምታችኋል ስትል አዎ" አልኸን። አንተ ግን "በጭራሽ" አልህ።

ስሜነህ፦ (ዙሪያውን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል) አንተ ቶሎ ስለማይገባህ ላስረዳህ። እናንተ ስትከፉ እኔ አምሬ እታያለሁ። ገባህ?

አዛናው፦ ገባኝ። ተንኮል ነው።

ስሜነህ፦ ዘዴ ነው!

አዛናው፦ ዶክተሯ ግን ተቆጥቶ፣ አምቶ የማያውቅ ሰው አልተፈጠረም አለችኝ። ከጥያቄዎቹ መሐል ጠባያችንን ሳይሆን እውነት መናገራችንን የምታይባቸው አሉ። እነሱ ላይ "በጭራሽ" የሚያበዛ ሰው ራሱን እየኳለ ነው አለች።

ስሜነህ፦ ወጥመድ! ወጥመድ ቀብራለች በለኛ! እና ጋንታው በሙሉ አለፈ?

አዛናው፦ አላለፈም። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑባት። "ይኸ ሁሉ ሰው አንድ ሰው ነው እንዴ?" አለች። ደረበን "ከሚስትህ ተጣልተህ ታውቃለህ?" ብትለው "አዎ" አላት።

ስሜነህ፦ ደረበ ሚስት አለችው?

አዛናው፦ የለችውም። ቃል ጠብቆ ነው።

ስሜነህ፦ አንተስ?

አዛናው፦ እኔ ያልኸኝን ረሳሁትና የራሴን ተናገርሁ። ይቅርታ፣ አያ ስሜነህ። "ጥበቃ ላይ ሆነህ እንቅልፍ ይጥልሃል?" አለችኝ፤ "ሰሊጥ ስጠብቅ አይጥለኝም፣ አለቃችን ሲሰበስበን ይጥለኛል" አልኋት።

ስሜነህ፦ እኔ ስሰበስባችሁ?

አዛናው፦ ስምህን አልጠራሁም።

ስሜነህ፦ ኸላስ፣ አበቃ! ወረቀቱ ሁሉ ከተበላሸ ሥራውን በምን ለይታ ትሰጣለች?

አዛናው፦ ለዚህ እኮ ነው ሁላችንንም ለየብቻ እየጠራች "ከራስህ ሌላ ንብረትህን ለማን አምነህ ትሰጣለህ?" ያለችን።

ስሜነህ፦ አዎ፣ እኔንም ብላኛለች። ያችን ጥያቄ ሳልነግራችሁ ቀረሁ!

አዛናው፦ ስላልነገርኸን ሁሉም የልቡን ተናገረ።

ስሜነህ፦ (ቀረብ ብሎ) እኔን ስንት ሰው ጠራኝ?

አዛናው፦ አንድ።

ስሜነህ፦ አንድ! ስንቱን ተጣልቼላቸው! ስንቱን ተከራክሬላቸው! ግን ያ አንዱ ሰው ነው፣ ሰው! ማን እንደሆነ ባውቅ እግሩን እስም ነበር።

አዛናው፦ (እግሩን እየሰበሰበ) አያስፈልግም።

ስሜነህ፦ አንተ ነህ?

አዛናው፦ መነንን ስታስብ ዐየሁህና አዘንሁልህ።

ስሜነህ፦ ታዲያ ሥራውን ማን ወሰደው?

አዛናው፦ ደረበና አንድ ሌላ ሰው እኩል ሆነው ነበር። መጨረሻ ላይ ሌላው በአንድ ድምፅ በለጠ።

ስሜነህ፦ እሰይ ደረበ ቀረ! ማን ነው ሌላው?

አዛናው፦ እኔ።

ስሜነህ፦ (ይስቃል፤ ዱላውን ያያል፤ መሳቁን ያቆማል) እዚህ የተቀመጥኸው ልታርፍ አይደለም?

አዛናው፦ ከቀትር ጀምሮ ሥራ ላይ ነኝ። ያችን ድምፅ የሰጠኝን ግን አልነገረችኝም። አንተ ማንን ጠራህ?

ስሜነህ፦ (ባትሪውን ያበራል፤ ያጠፋል) አንተን።

አዛናው፦ እግዜር ይስጥልኝ!

ስሜነህ፦ አታመስግነኝ! ደረበን ብጠራ ይበልጠኛል ብዬ ነው። "ማንም የማይጠራው ማን ነው?" ብዬ አሰብሁና አንተን አልሁ!

አዛናው፦ ይችን ወረቀቱ ላይ ብትናገራት ኖሮ ታምንህ ነበር።

ስሜነህ፦ (ባትሪውን ከአንገቱ አውልቆ ይሰጠዋል) እንካ። ለእኔ ምን ይሠራልኛል። አሁን መነን መጥታ ምን ልበላት?

አዛናው፦ የጥበቃዋ ቤት ትግባ። እኔ የማድረው በር ላይ ነው፤ ባዶዋን ከምትቀር ሰው ይኑርባት።

ስሜነህ፦ (ድምፁ ይሰበራል) አዛናው፣ ወንድሜ! እውነትም ሰው ነህ! በል ሄጄ ቤቷን ጠረግ ላድርጋት። (ሊያልፍ ይራመዳል።)

አዛናው፦ (ዱላውን በሩ ላይ ያጋድማል፤ በጠራራ ፀሐይ ባትሪውን ፊቱ ላይ ያበራል) እሷ ትገባለች። አንተ ግን ተፈትሸህ ነው።

ስሜነህ፦ እኔ? ከጋንታው ሁሉ እኔ ብቻ?

አዛናው፦ ምንም ጥፋት የሌለብህ አንተ ብቻ ነህ፣ አያ ስሜነህ። እንዲህ ያለውን ጠበቅ አድርገህ እይ ተብያለሁ። በል፣ ከሸሚዙ እንጀምር።