እስኪለምኑን ድረስ

(በአንዲት የባሕረ ሰላጤ ከተማ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ። ቀጣይ በረራ የሚጠብቁ መንገደኞች የሚውሉበት ሰፊ አዳራሽ። ጠዋት ነው፤ አውሮፕላኑ ግን የሚነሳው ማታ ነው። ከአንድ አግዳሚ ወንበር አጠገብ ሁለት ሰዎች ይነታረካሉ። አንደኛው አናጢ ነው፤ ነገ ውጭ አገር የምትኖር ሴት ልጁን ይድራል። ሌላው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ከዚህ በፊት አንዴ በአውሮፕላን ስለተሳፈረ የሰፈሩ ሰው «ፓይለት» ይለዋል። ያን በረራ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተኝቶ መጨረሱን ግን እስከዛሬ ለማንም አልተነፈሰም።)

ፓይለት፦ ጫማህን አድርግ ብዬሃለሁ!

አናጢው፦ እግሬ አብጧል እኮ።

ፓይለት፦ ማበጡን ጫማው ውስጥ ሆኖ ይበጥ! ትራንዚት ላይ ነን። ጫማ ያወለቀ ሰው ሲያዩ ይንቁሃል።

አናጢው፦ ያ ሰውዬም አውልቋል።

ፓይለት፦ እሱ ሀብታም ነው።

አናጢው፦ በምን አወቅህ?

ፓይለት፦ ጫማውን አውልቋላ! ሀብታም ባይሆን እንዴት ይደፍራል?

አናጢው፦ (ጫማውን እያጠለቀ) እሺ። ግን ቁጭ ማለት አልችልም። የሠርጉ ሱፍ ነው፤ ይጨማደድብኛል። ሻንጣ ውስጥ ይግባ ብልህ፣ ሻንጣ ይጠፋል ብለህ አስለበስከኝ።

ፓይለት፦ ቢጨማደድስ? ንግግሩን የማደርገው እኔ፣ አንተን ማን ያይሃል?

አናጢው፦ አባቷ ነኝ እኮ።

ፓይለት፦ አባትነቱን ማን ወሰደብህ? ንግግሩን ነው የወሰድኩልህ! አንተ ሰው ፊት ስትቆም ምላስህ ይተሳሰራል። ሙሽራዋ የኔም የእህቴ ልጅ ናት፤ አታዋርዳትም።

አናጢው፦ ሁለት ቃል ብቻ ልላት ነበር።

ፓይለት፦ ሁለት ቃልህን ንገረኝ፤ መሀል ላይ አስገባልሃለሁ። (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አሁን ስማኝ። እንዲህ ረጅም ለሚጠብቅ ሰው አየር መንገዱ ሆቴል ይሰጣል፣ ያበላል፣ በአውቶቡስ ከተማ ያስጎበኛል። በነጻ!

አናጢው፦ (ፊቱ በርቶ) እንሂዳ!

ፓይለት፦ ቆይ! አየህ፣ ገጠሬነትህ እዚህ ላይ ነው። ሲሰጡህ ዘለህ አትቀበልም። እጅህን ደረትህ ላይ ታደርግና እምቢ ትላለህ። እነሱ ይለምኑሃል። አሁንም እምቢ። እየለመኑ ክፍሉን ያሳድጉታል፤ መጀመሪያ በጓሮ በኩል የነበረው በባሕሩ በኩል ይሆናል። እዚህ ከተማ እንግዳ እንዴት እንደሚከበር ብታይ! እጅና እግሩን ይዘው ነው ሆቴል የሚያስገቡት።

አናጢው፦ አንተን ይዘው አስገብተውህ ነበር?

ፓይለት፦ (እንዳልሰማ ሆኖ) ተከተለኝ። አፍህን ዝጋ፤ ቋንቋውን ለኔ ተወው።

(ወደ አንድ መስኮት ይሄዳሉ። መስኮቱ ውስጥ የደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ ተቀምጣለች።)

ፓይለት፦ ሄሎ ሲስተር! ዊ ትራንዚት! ቬሪ ሎንግ!

ልጅቷ፦ (በእንግሊዝኛ) እንኳን ደህና መጣችሁ። ሆቴል፣ ምሳና የከተማ ጉብኝት አለን። ይፈልጋሉ?

ፓይለት፦ (እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ) ኖ! ኖ! ታንክዩ!

ልጅቷ፦ (በእንግሊዝኛ) እርግጠኛ ነዎት?

ፓይለት፦ (ወደ አናጢው ዞሮ፣ በራሱ ቋንቋ፣ አዳራሹ እስኪሰማ) አየህ? ልመናው ተጀመረ! ምስኪን ናት፤ ያን ሁሉ ቀለም ፊቷ ላይ ለቅልቃ የመጣችው እኛን ለማባበል ነው። ትንሽ እናንገላታት። (ወደ ልጅቷ) ኖ! ኔቨር!

ልጅቷ፦ (ፈገግ ብላ) ኦኬ። ቀጣይ!

አናጢው፦ ምን አለች?

ፓይለት፦ አለቃዬን ልጥራ አለች።

አናጢው፦ የጠራችው ከኋላችን የተሰለፈውን ሰውዬ ነው።

ፓይለት፦ እሱ ነዋ አለቃዋ!

አናጢው፦ ሕፃን አዝሏል እኮ።

ፓይለት፦ አለቃ አይወልድም ያለህ ማነው?

(ጥግ ይዘው ይጠብቃሉ። የሚለምናቸው አይመጣም። ሕፃን ያዘለው «አለቃ» ራሱ ትንሽ ሲያዋራት ቆይቶ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።)

አናጢው፦ ውሃ ጠማኝ።

ፓይለት፦ ቻለው! አሁን ስብሰባ ላይ ናቸው፤ የትኛውን ክፍል እንስጣቸው እያሉ ነው። እኔ ወዲያ ወዲህ ብዬ ልታይላቸው፤ እንዳይረሱን። አንተ ቦርሳዎቹን ጠብቅ። ማንም ምንም ቢሰጥህ እምቢ በል፤ ገባህ?

አናጢው፦ እስከ መቼ?

ፓይለት፦ እስኪለምኑህ ድረስ!

(ፓይለት ይታይላቸው ጀመር። አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰ። የደንብ ልብስ ለለበሰ ሁሉ፣ ለጥበቃውም ለጽዳት ሠራተኛውም፣ ሊለመን የተዘጋጀ ፊቱን አሳየ። የለመነው የለም። ሽቶ መሸጫ ገብቶ የሙከራውን ሁሉ ተረጨና ሻጯን አስነጠሳት። ከተማዋንም በመስኮት ጎበኛት፤ ያየው ሻንጣ የጫነ መኪና ነው። ሲመሽ በራብ ተጣጥፎ፣ ሸሚዙ እንደ ታኘከ ወረቀት ሆኖ ሲመለስ፣ አናጢውም ቦርሳዎቹም የሉም። በደነገጠበት ከወዲያ በኩል አናጢው ቦርሳዎቹን በጋሪ እየገፋ ብቅ ይላል። ፀጉሩ እርጥብ ነው። ሱፉ ላይ አንድ ሽብሽብ የለም።)

ፓይለት፦ የት አባክ ነበርክ? ልቤ ሊቆም ነበር! ፀጉርህ ደግሞ ምን ሆኗል?

አናጢው፦ ታጠብኩ።

ፓይለት፦ ሽንት ቤት ገብተህ ከቧንቧ ስር? ወይ መዋረድ!

አናጢው፦ ኧረ ሆቴሉ ውስጥ። ሱፉንም እነሱ ናቸው የተኮሱልኝ።

ፓይለት፦ የምን ሆቴል?

አናጢው፦ ያ፣ አንተ እምቢ ያልከው።

ፓይለት፦ (ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ) ምሳስ?

አናጢው፦ በላሁ። ያንተንም በላሁልህ። ለሁለት ሰው ነው የተያዘው አሉኝ፤ ከሚደፋ ብዬ።

ፓይለት፦ አልጋስ?

አናጢው፦ ሁለት ነበር። ያንተው እንዳይቀየም ግማሹን እንቅልፍ እሱ ላይ ተኛሁ። ባሕሩንም አሳይተውናል። ከተማው ፎቅ በፎቅ ነው! የቁም ሳጥናቸው በር ግን ይንቋቋ ነበር፤ ብሎኑን አጥብቄላቸው ወጣሁ።

ፓይለት፦ አንተ! ሄሎ ማለት የማትችል ሰውዬ፣ በምን ቋንቋ ተግባባህ?

አናጢው፦ በቋንቋችን። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ያገራችን ልጅ ናት።

ፓይለት፦ (ወደ መስኮቱ ሰረቅ አድርጎ አይቶ) ታዲያ ያ… የቀለሙ ነገር…

አናጢው፦ ሰምታለች። ቀለሙን መሥሪያ ቤቱ አስገድዶን ነው ብላሃለች።

ፓይለት፦ ዘለህ ተቀበልካት ማለት ነው? መክሬህ፣ መክሬህ!

አናጢው፦ ምክርህንማ ፈጸምኩ! ውሃ ይዛ መጣች። «አባባ፣ ይጠጡ» አለችኝ። እምቢ አልኩ። «በሞቴ» አለችኝ። አሁንም እምቢ። ይሄኔ «አባቴም እንዲሁ ነው፤ ካልለመኑት ውሃ አይጠጣም» ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ልጄ ትዝ አለችኝ፤ እኔም ማልቀስ አማረኝ።

ፓይለት፦ እኔንስ ለምን አልለመነችኝም? የኔ እጅ ደረቴ ላይ አልነበረም?

አናጢው፦ ጠየቅኳት። «እሳቸው በፈረንጅ አፍ ነው እምቢ ያሉት፤ በፈረንጅ አፍ እምቢ ማለት እምቢ ነው» አለችኝ።

ፓይለት፦ በቃ! ከእንግዲህ እምቢ የሚባል ቃል ከአፌ አይወጣም። ለሚሉኝ ሁሉ እሺ ነው!

አናጢው፦ የብልጥ ልጅ የሰጡትን እየበላ ያለቅሳል ይባል የለ? አንተ ግን ሳትበላ አለቀስክ።

(መሳፈሪያው በር ይከፈታል። ተሳፋሪው ይሰለፋል። ልጅቷ እየተጣደፈች ትመጣለች።)

ልጅቷ፦ አባባ፣ እንቅልፉ እንዴት ነበር? (ወደ ፓይለት) ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ነጻ ሆቴል፣ እራት፣ ነገ ደግሞ የከተማ ጉብኝት…

ፓይለት፦ እሺ!

ልጅቷ፦ ልጨርስልዎት፣ ይህ የሚሰጠው…

ፓይለት፦ አትጨርሺ የኔ እመቤት! እሺ ብያለሁ! በቋንቋችን ነው ያልኩት!

ልጅቷ፦ የመሳፈሪያ ወረቀትዎን መስጠት…

ፓይለት፦ (ከኪሱ መዥርጦ እጇ ላይ እያስቀመጠ) ያው! ውሰጂ!

ልጅቷ፦ እግዜር ይስጥልኝ! አውሮፕላኑ ሞልቶ አንድ መንገደኛ ቦታ አጥቶብኝ፣ መቀመጫውን በፈቃዱ ለቆ እስከ ነገ ማታ የሚያድር አንድ ሰው ስፈልግ ነበር። (ወረቀቱን ወደ ሰልፉ ዘርግታ ትሰጣለች።)

ፓይለት፦ ምን? ነገ ጠዋት ሠርግ አለብኝ! ለማን ሰጠሽው?

አናጢው፦ ልጅ ላዘለው ሰውዬ። አለቃዋ ነው ያልከኝ አንተው ነህ።

ፓይለት፦ እምቢ! እምቢ አልኩ! ኖ! ኔቨር!

ልጅቷ፦ (ሁለት ባልደረቦቿን እየጠቀሰች) ኧረ ጋሼ፣ አይግደርደሩ! በሞቴ! በባሕሩ በኩል ያለው ክፍል ነው የተያዘልዎት።

(ሁለቱ ሰዎች በአክብሮት፣ ግራና ቀኝ ክንዱን ይዘው ይወስዱት ጀመር።)

አናጢው፦ እጅና እግሩን ይዘው ነው የሚያስገቡት ስትለኝ አላመንኩህም ነበር። ይቅር በለኝ።

ፓይለት፦ (እየተጎተተ) ንግግሩስ? አንተ ሰውዬ! ንግግሩን ማን ሊያደርገው ነው?

አናጢው፦ (የሱፉን ኮሌታ አስተካክሎ ወደ በሩ እየሄደ) አይዞህ ወንድሜ፣ ሁለት ቃልህን ንገረኝ፤ መሀል ላይ አስገባልሃለሁ።